ሰኞ አላየሁትም

ይህን ገጠመኝ ልጽፍ ብዬ ስንት ጊዜ ጀምሬ ትቼዋለሁ። አሁን የጻፍኩት ባለታሪኩ ራሱ "ጻፈው፣ ስሜን ብቻ ተወው" ስላለኝ ነው። ስሙን ብጠራ ሁሉም ያውቀዋል። ሐይቅ ትንሽ ከተማ ናት። ከደሴ ወደ ወልድያ ስትወጡ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ታገኟታላችሁ። ከቤት እስከ ቢሮ ያለችው መንገድ አጭር ናት፣ ሰላምታው ነው የሚያረዝማት። ሰው ይጠፋባታል ብሎ የሚያስብ የለም።

እኔና እሱ አንድ መሥሪያ ቤት፣ መዝገብ ቤት ውስጥ ነው የምንሠራው። ጠረጴዛችን ፊት ለፊት ነው። ስድስት ዓመት አንድ ስቴፕለር ተካፍለን ሠርተናል።

ቢሮ የሠራ ሰው የፊርማ መዝገቡን ያውቀዋል። ጠዋት መግቢያው ላይ ይቀመጣል። ልክ 2:30 ሲሆን የሰው ኃይሏ ልጅ በቀይ እስክሪብቶ መስመር ታሰምራለች። ከዚያ በኋላ የመጣ ከመስመሩ ሥር ይፈርማል፣ ወር ሲያልቅም ይቆጠርበታል። ስለዚህ ጓደኛ ለጓደኛ ይፈርማል። ልጄ ታሞብኝ ሐኪም ቤት ሳመላልስ እሱ ስንት ቀን ፈርሞልኛል። ጥፋት መሆኑን እናውቃለን፣ ግን እንደ መተሳሰብ ነበር የምናየው።

ኅዳር 2015 ላይ፣ አንድ ሰኞ ጠዋት፣ 2:28 ሲሆን ጓደኛዬ አልመጣም። እስክሪብቶዬን አወጣሁና ፈረምኩለት። ፊርማው ቀላል ነው፣ አንድ "መ" የምትመስል ነገር ጫፏ ወደ ላይ የተሳበች። ማክሰኞም ደገምኩት። ደወልኩለት፣ ስልኩ ዝግ ነው። ቻርጅ ዘግቶበት ይሆናል አልኩ። መብራትም ሲጠፋ ነበር የሰነበተው።

ረቡዕ ግን ሆዴን ባር ባር አለው። ምሳ ሰዓት ላይ ወደተከራየበት ግቢ ሄድኩ። በሩ በጓጉንቸር ተቆልፏል። አከራዩዋ እትዬ ልብስ እያሰጡ ነበር። "መስክ አልወጣም እንዴ? እኔኮ መስክ የወጣ መስሎኝ ነው" አሉኝ። እሳቸው መስክ ነው ብለው፣ እኛ ቤቱ ነው ብለን፣ ልጁ በመሀል የለም።

ፖሊስ ጣቢያ ሄጄ አመለከትኩ። "ለመጨረሻ ጊዜ ያየኸው መቼ ነው?" አለኝ መርማሪው። "ሰኞ" አልኩት። "ሰኞ ከሰዓት ቡና አብረን ጠጥተናል።"

እየዋሸሁ አልነበረም። ሲኒውን ሁሉ በዓይነ ኅሊናዬ አየው ነበር። አቦሉን ጠጥቶ ቶናውን ሳይነካው ሲነሳ፣ ቡኒ ጃኬቱን ከወንበሩ ላይ ሲያነሳ፣ የግራ ክርኑ ላይ በሰማያዊ ክር የተጣፈው ቦታ ሲታየኝ። ያን ጃኬት ነፍሷን ይማርና እናቱ ነበረች የጣፈችለት። ቡኒ ክር አጥታ በሰማያዊ ጣፈችው፣ እሱም "እንዲያውም አማረበት" ብሎ ለበሰው። መርማሪው ጻፈ። የፊርማ መዝገቡም ፎቶ ኮፒ ተደርጎ ተወሰደ። መዝገቡ ማክሰኞ ድረስ ሥራ ላይ ነበር ይላል። እኔ ነኝ ያስባልኩት፣ ያን ሰዓት ግን አፌን አልከፈትኩም። ፈራሁ። እስከዛሬ የሚቆጨኝ ይሄ ነው።

ከዚያ ከተማው ተነሳ። የወሎ ሰው እንዲህ ባለ ጊዜ እንዴት እንደሚሆን ታውቃላችሁ። የየሰፈሩ ቅሬ (ሌላው አገር ዕድር የሚለው) ተጠራ፣ ክርስቲያን እስላም ሳይባል ወንዱ ለሁለት ተከፍሎ ወጣ። ግማሹ ወደ ተራራው፣ ግማሹ ወደ ውኃው። ዓሣ የሚያጠምዱት ልጆች በታንኳ ዳር ዳሩን ዞሩ። እስጢፋኖስ ገዳም ድረስ ተጠየቀ። ሁለት ቀን ሙሉ ሐይቁ ዳር ቆሜ ውኃ ውኃውን አየሁ። ያ ሁሌ ዓሣ የምንበላበት፣ ፎቶ የምንነሳበት ውኃ አስጠላኝ።

እኔ ደግሞ ሰው እያስቆምኩ እጠይቃለሁ። "ሰኞ ወይ ማክሰኞ አላየኸውም? ቡኒ ጃኬቱን ለብሶ?" ብዙ ሰው "አዎ!" ይለኛል። አንዱ በመናኸሪያ በኩል ሲያልፍ ከኋላው አየሁት አለ። አንዷ ሰኞ ማታ ሰላም ብዬው ዝም ብሎኝ ሄደ ብላ አለቀሰች። ቢያንስ አምስት ሰው አይቶታል። ሁሉም ከልባቸው ነው።

ዓርብ ማታ ደክሞኝ ቡና የምንጠጣበት ቤት ገባሁ። ባለቤቷ እጣኑን ትታ አጠገቤ ተቀመጠች።

"ሰኞ እዚህ ስንጠጣ ምንም ብሎሽ ነበር?" አልኳት።

"ሰኞ?" አለች። "ሰኞ እኮ ቤት አልከፈትኩም። ለቅሶ ቤት ነበርኩ፣ የቅሬያችን ሰው ሞቶ። ዓርብ ነው የጠጣችሁት የኔ ወንድም።"

ልከራከራት አሰብኩ። ከዚያ ተነሳችና የዱቤ ደብተሯን አመጣች። የሱ ገጽ ላይ ከላይ እስከ ታች ሰረዝ ተሰምሮበታል፣ ከሥሩ የዓርቡ ቀን ተጽፏል። 340 ብር። "ያን ቀን ሙሉውን ዘጋው። አንተ ራስህ 'ዛሬ ምን ተገኘ?' አልከው እኮ" አለችኝ።

ብዬዋለሁ። ያን ጊዜ ሁሉም ነገር ቦታው ተመለሰ። ሰኞ አላየሁትም። ሰኞ ጠረጴዛው ባዶ ነበር፣ እኔ ነኝ ቀና ባልኩ ቁጥር እዚያ ያስቀመጥኩት። ስፈርምለት መጥቷል ብዬ ለመዝገቡ ነገርኩት፣ መዝገቡ መልሶ ለኔ ነገረኝ፣ አመንኩት።

ኋላ ላይ ይሄ ነገር እንቅልፍ ሲነሳኝ ሳነብ ሳነብ አንድ ጥናት አገኘሁ። ኤሊዛቤት ሎፍተስ የምትባል አሜሪካዊት የሥነ ልቦና ተመራማሪ ከባልደረባዋ ጋር እ.ኤ.አ. በ1974 ያሳተመችው ነው። ለተማሪዎች የመኪና ግጭት ፊልም ያሳያሉ። ከዚያ ለ50ዎቹ "መኪናዎቹ ሲላተሙ ፍጥነታቸው ስንት ነበር?" ዓይነት ከበድ ያለ ቃል ያለበት ጥያቄ፣ ለሌሎቹ 50 ደግሞ "ሲጋጩ" እንደማለት ቀለል ባለ ቃል። የቀሩት 50 ስለ ፍጥነት አልተጠየቁም። ከሳምንት በኋላ "የተሰበረ መስታወት አይታችኋል?" ተባሉ። ከባዱን ቃል ከሰሙት 16ቱ አይተናል አሉ፣ ቀለል ያለውን ከሰሙት 7፣ ካልተጠየቁት 6። ፊልሙ ውስጥ ግን የተሰበረ መስታወት አልነበረም።

እኔም ያደረግኩት ይህንኑ ነው። "መቼ አየኸው?" አላልኩም። ሰኞንም፣ ጃኬቱንም አፋቸው ላይ አስቀመጥኩላቸው።

ግን ጃኬቱን በእርግጥ ያዩ ነበሩ። እሱን ያወቅኩት እዚያው ዓርብ ማታ ነው። ወደ ቢሮ ተመልሼ የጥበቃውን ጋሼ ቀሰቀስኳቸው። እንግዳ ነገር ሳይጠይቁኝ የጥበቃ ቤቷን ከፈቱልኝ፣ ጠባብ ናት፣ አንድ አልጋና አንድ ፋኖስ። ልቀመጥ ስል ከፍራሹ ሥር የወጣ እጅጌ አየሁ። ክርኑ ላይ ሰማያዊ ክር።

አንድ ቃል አልተናገርኩም። ጋሼ መሬት መሬት አዩ።

"ወላሂ ልጄ፣ እኔ ምንም አላደረግኩትም።"

"አውቃለሁ ጋሼ። መቼ ሰጠዎት?"

"ቅዳሜ ማታ መጣ። 'ጋሼ፣ የኅዳር ብርድ ክፉ ነው፣ ይልበሱት' ብሎ ትከሻዬ ላይ ጣለልኝ። ሰኞም ማክሰኞም ለብሼው ዋልኩ። ረቡዕ ጠፋ ሲባል ደነገጥኩ። ምን ይሉኛል? ድሃ ሰው ነኝ። ደበቅኩት።"

"ለምን ቅዳሜ አይቼዋለሁ አላሉንም?"

"እናንተ ሰኞ አየኸው ወይ ነው ያላችሁኝ። ፖሊሱም እንደዚያው። አላየሁትም አልኩ። እውነቴን ነው። ቅዳሜን ማን ጠየቀኝ?"

ትክክል ናቸው። ማንም አልጠየቃቸውም። ሌላ ምን እንዳለ ስጠይቃቸው፣ "ወደ ውጫሌ የመጀመሪያው መኪና ስንት ሰዓት ይነሳል አለኝ። አክስቴ ዘንድ ነው አለ" አሉኝ።

አክስት እንዳለው አላውቅም ነበር። በስድስት ዓመት።

ያንኑ ሌሊት ፖሊስ ጣቢያ ሄጄ የፊርማውን ነገር ጭምር ተናገርኩ። ቅዳሜ ጎህ ሳይቀድ ከአንድ ፖሊስና ከቅሬው ሰብሳቢ ጋር ሚኒባስ ያዝን። ሰብሳቢው ጡረታ የወጡ የታሪክ መምህር ናቸው፣ ሁለቱን ሌሊት ሙሉ ሐይቁ ዳር ያደሩ። ውጫሌ ልንደርስ ስንል ሙሉውን ነገርኳቸው። ዝም ብለው ሰሙኝና ወደ ይስማ ንጉሥ በኩል በአገጫቸው አሳዩኝ። "በ1881 ከጣሊያን ጋር የውጫሌን ውል የተዋዋሉት እዚህ ነው። አንቀጽ 17፣ በእኛ ቋንቋ 'ይቻላል'፣ በእነሱ ቋንቋ 'ግዴታ'። አንዲት ቃል አድዋ ድረስ ወሰደችን" አሉኝ። ሊያጽናኑኝም፣ ሊገስጹኝም ይመስለኛል። ሁለቱንም ወሰድኩት።

አክስቲቱን ማግኘት ብዙ አላስቸገረም። ከውጫሌ ወደ ላይ አንድ ሰዓት ተኩል በእግር። እሱ ሸሚዝ ብቻ ለብሶ አውድማ ላይ ጤፍ ከሚወቁት ጋር ቆሟል። ከስቷል። ሲያየኝ አልሮጠም፣ አልደነገጠም። መንሹን አስቀመጠና "ማን ነገራችሁ?" አለ።

በ2014 ጦርነቱ ሐይቅን አልፎ ደሴና ኮምቦልቻ በደረሰ ጊዜ እኛ ሸሽተን ነበር። እሱ እናቱ ስለታመመች ቀረ። እናቱ የሞተችው በዚያው ኅዳር ነው። ጥይት አይደለም የገደላት፣ መድኃኒት ማጣት ነው። ለቅሶው ላይ የተገኘ ሰው በጣት የሚቆጠር ነበር። ስንመለስ ሁላችንም አቀፍነው፣ "አብሽር" አልነው። ሥራ ተጀመረ። ዓመት ሙሉ በተከዘ ቁጥር "አብሽር" እለው ነበር። ጥሩ ቃል ነው፣ አገሬ የምትወደው ቃል ነው፣ እኔ ግን ወሬውን መዝጊያ አደረግኩት። አንድ ቀን እንኳ ቁጭ ብዬ "ያን ጊዜ እንዴት ነበር?" አላልኩትም።

የዓመቱ ኅዳር ሲመጣ እንቅልፍ ጠፋበት። ዕዳውን ከፈለ። እናቱ የጣፈችውን ጃኬት ለሰው ሰጠ። ዓርብ ዕለት ፊቱ ፈካ ብሎ ነበር፣ እኔም ተሻለው ብዬ ደስ አለኝ። ሐኪሞች የሚፈሩት እንዲህ ያለውን መሆኑን ያን ጊዜ አላውቅም ነበር። ከረጅም ሐዘን በኋላ በድንገት የሚመጣ እርጋታ፣ የሚወዱትን ዕቃ ማደል፣ ሒሳብ መዝጋት። ይህን ያየ ሰው በቀጥታ መጠየቅ አለበት፣ "ራስህን ልትጎዳ እያሰብክ ነው ወይ?" ብሎ። መጠየቁ ሐሳቡን አይፈጥርበትም። ብቻውን አለመተው፣ ሐኪም ጋር ይዞ መሄድ ነው።

እኔ ያን ቀን አውድማው ዳር ነው የጠየቅኩት፣ ዘግይቼ። ብዙ ዝም አለ። ከዚያ "እዚህ የመጣሁት ሌላ ቦታ እንዳልሄድ ነው" አለኝ። አክስቱ ምንም አልጠየቁትም፣ መደብ ላይ አንጥፈውለት ማታ ማታ ስለ እናቱ ልጅነት ያወሩለት ነበር። ስድስት ሌሊት።

አሁን ደሴ ሐኪም ይከታተለዋል፣ መድኃኒቱንም ይወስዳል። ደህና ሳምንት አለ፣ ክፉ ሳምንት አለ። ቢሮው ለኔ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ሰጠኝ። ተገቢ ነው። የሁለቱ ቀን ፊርማዎች በቀይ ተሰርዘው ጎናቸው "አልነበረም" ተብሎ ተጽፏል፣ እኔው ነኝ በእጄ የጻፍኩት። ጃኬቱን ጋሼ አጥበው መለሱለት፣ እሱ ግን መልሶ ትከሻቸው ላይ ጣለላቸው፣ "የሰጠሁት ሰጥቼዎት ነው" ብሎ።

ባለፈው ሰኞ 2:26 ላይ ወንበሩ ባዶ ነበር። እስክሪብቶውን ትቼ ስልኬን አነሳሁ። ሁለቴ ጠራ።

"የት ነህ?"

"ባጃጅ ውስጥ ነኝ፣ እየመጣሁ ነው" አለኝ፣ ከኋላው የመንገዱ ጫጫታ ይሰማል። "እንዳትፈርምልኝ።"

"አልፈርምም። ሌሊቱን እንዴት አደርክ?"

ትንሽ ዝም አለና፣ "ልምጣና እነግርሃለሁ" አለ። መስመሩ ተሰመረ። ከሥሩ ፈርሞ ገባ።