ማንቆርቆሪያውን የበላው ነጭ ነገር

ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ሰፈር ባለው የእናቴ ቤት በሁለት ዓመት ውስጥ ሦስት የኤሌክትሪክ ማንቆርቆሪያ ተቃጥሏል። ሦስተኛውን ያበላሸሁት እኔ ነኝ። ታች የተጋገረውን ነጭ ነገር በቢላ ስፍቅ ብረቱን ክፉኛ ቧጨርኩት። ሳምንትም አልቆየ።

«አየህ አንተ ልጅ፣ ኩላሊታችን ውስጥም እንዲህ ነው የሚጋገረው» አለች እናቴ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ለመጠጥ የታሸገ ውሃ መግዛት ጀመርን። በድሬ ሙቀት ስንት ሊትር እንደሚጠጣ የድሬ ሰው ያውቀዋል። ወጪው ሲከብደን እውነቱን ላጣራ ተነሳሁ።

የድሬ ውሃ የጉድጓድ ውሃ ነው። በከተማው ዙሪያ የኖራ ድንጋይ ሞልቷል። ዝናቡ በዚያ ድንጋይ ውስጥ ሰርጎ ሲወርድ ካልሲየምና ማግኒዚየም እያሟሟ ይሄዳል። እንዲህ ያለው ውሃ ጠጣር ይባላል። ሲፈላ ካልሲየሙ ኖራ ሆኖ ይጋገራል። ሻይ ላይ የሚንሳፈፈው ስስ ሽፋንም፣ ሽምብራው አልበስል ብሎ ከሰል የሚጨርሰውም ከዚሁ የተነሳ ነው።

በዓይኔ ማየት ስለፈለግኩ ሦስት የሃይላንድ ጠርሙስ አዘጋጀሁ። በአንዱ የዝናብ ውሃ፣ በአንዱ የቧንቧ ውሃ፣ በሦስተኛው ፈልቶና ቀዝቅዞ የጠለለ የቧንቧ ውሃ አደረግኩ። ደረቅ ሳሙና ፍቄ በውሃ አሟሟሁና ለሦስቱም እኩል ጠብታ ጨምሬ ናጥኳቸው። የዝናቡ እስከ አፉ አረፋ ሞላ። የቧንቧው እንደ እርጎ ውሃ ደፈረሰ፤ አረፋ የለውም። የፈላው መሃል ላይ ሆነ። ማፍላት የጠጣርነቱን ከፊል እንደሚያወጣ ያመንኩት ያኔ ነው።

እናቴን ያሳረፋት ግን ሌላ ነገር ነው። በኢትዮጵያ የመጠጥ ውሃ ደረጃ የጠጣርነት ጣሪያ በሊትር 300 ሚሊ ግራም ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ግን ለጠጣርነት በጤና ምክንያት ያስቀመጠው ገደብ የለም። ነጩ ነገር ዕቃ ይጎዳል እንጂ መርዝ አይደለም።

የሚያስፈራው የማይታየው ነው። ናይትሬት የሚባለው ኬሚካል ከመጸዳጃ ጉድጓድና ከፍሳሽ ወደ ከርሰ ምድር ውሃ ይሰርጋል። ቀለም የለው፣ ሽታ የለው። ገደቡ በሊትር 50 ሚሊ ግራም ነው፤ በተለይ በጡጦ የሚመገቡ ጨቅላዎችን ይጎዳል። ማፍላት አያጠፋውም። እንዲያውም ውሃው ሲተን ይበልጥ ይጠነክራል።

ሌላው ጉድ ጓሮአችን ነበር። ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣ በርሜል እንሞላለን፤ ክዳን አልነበረውም። ደንጊ የሚባለው የትኩሳት ወረርሽኝ ድሬን የመታው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2013 ነው፣ ቺኩንጉኒያ ደግሞ በ2019። ሁለቱንም የምታስተላልፈው ትንኝ የምትራባው እንዲህ በተጠራቀመ ውሃ ነው። እኛ ኖራ ስንፈራ እሷን ቤታችን ውስጥ እናረባ ነበር። ያን ቀን ማታ በርሜሉን ፈግፍጌ አጠብኩና ክዳን አሰራሁለት።

ለማንቆርቆሪያው አሁን ቢላ አይነካውም። በሁለት ሳምንት አንዴ አቼቶና ውሃ እኩል አድርጌ፣ ሞቅ አድርጌ አንድ ሰዓት እተወዋለሁ። ኖራው አረፋ እያወጣ ይለቃል። ከዚያ ደጋግሜ አለቀልቃለሁ። አደራ፣ አቼቶን ከበረኪና ጋር እንዳትቀላቅሉ፤ የሚወጣው ጋዝ ሳንባ ያቃጥላል።

የምንጠጣውን የቧንቧ ውሃ አፍልተን፣ አጥልለን፣ በተከደነ ጄሪካን እናስቀምጣለን። ጎረቤታችን ግን በጡጦ የምታሳድገው የሦስት ወር ልጅ አላት። የሰፈራችን ውሃ ናይትሬት ተለክቶ እንደሆነ ሁለት ጊዜ ሄጄ ጠየቅኩ፤ ሁለቴም «ሌላ ቀን ተመለስ» ተባልኩ። ሰኞ እንደገና እሄዳለሁ። ውጤቱን በወረቀት እስካይ ድረስ፣ ለሕፃኑ ወተት የታሸገ ውሃ የምንገዛላት እኛ ነን።