ከሸራው ፊት ሳልቆም ማለፍን እንዴት ተለማመድሁ

ከግብርና ከጡረታ ተቀናሽ በኋላ እጄ የሚገባው ደመወዝ 11,200 ብር ነው። ለዓመታት ወሩ ሳይጋመስ እበደር ነበር፤ ምክንያቱን ሁሉ በኑሮ ውድነት አሳብብ ነበር። ውድነቱ እውነት ነው፤ የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገበት ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህማ ብሷል። የእኔ ጉድለት ግን በዚያ ብቻ የመጣ አልነበረም።

ደመወዝ በገባ ምሽት መገናኛ የታክሲ ሰልፍ ለመያዝ ስሄድ፣ ልባሽ ልብስ ሸራ ላይ ዘርግተው ዋጋ ከሚጠሩት ነጋዴዎች ፊት ሳልቆም አላልፍም ነበር። አንድ ምሽት ለልጄ ሰማያዊ ሹራብ በ350 ብር ገዝቼ ቤት ስገባ፣ ከሁለት ወር በፊት የገዛሁትን፣ ገና ያልተለበሰ ተመሳሳይ ሹራብ ቁም ሣጥን ውስጥ አገኘሁ። ሁለቱን አልጋ ላይ ጎን ለጎን ዘርግቼ ብዙ ቆየሁ። በዚያው ሳምንት የልጄን ደብተር የገዛሁት በብድር ነበር።

ከዚያ በኋላ ለአንድ ወር ያወጣሁትን ሁሉ ማታ ማታ ጻፍሁ። በቴሌብር የከፈልሁት ከእጄ የወጣ ስለማይመስለኝ፣ የስልኩን መልእክት እያየሁ እሱንም መዘገብሁ። ሳላስበው ያወጣሁት 1,870 ብር ሆኖ ተገኘ፤ አብዛኛውም ደመወዝ በገባ በአምስት ቀን ውስጥ፣ ከ11 ሰዓት እስከ ምሽቱ 1 ሰዓት የወጣ ነው።

መጀመሪያ ሁሉንም ነገር፣ ቡናውን ሳይቀር፣ በራሴ ላይ ከለከልሁ። በሁለተኛው ሳምንት ግን ትዕግሥቴ አልቆ የ900 ብር ጫማ ገዛሁ። ስለዚህ በየወሩ 400 ብር ለራሴ ተውሁ፤ ለእኔ ከሁሉ የጠቀመኝም ይህ ይመስለኛል። ከዚያም ደመወዝ በሚገባበት ቀን የሚጣል፣ 12 ሰዎች ያሉበት የ1,500 ብር የመሥሪያ ቤት ዕቁብ ገባሁ። ጳጉሜን ደመወዝ የላትም፤ በዓሉና የትምህርት ቤት ወጪው ደግሞ በላይዋ ይደርሳል። ስለዚህ ዕጣዬ ለነሐሴ እንዲቆይልኝ ዳኛዋን ለመንኋቸው።

«የፈለገ ሁሉ ቶሎ ይውጣልኝ ይላል፤ አንቺ ይቆይልኝ ካልሽማ ማን ይከለክልሻል?» ብለው ፈቀዱልኝ።

የሚያምረኝን ዕቃ በደብተሬ የመጨረሻ ገጽ ላይ ከነቀኑ እጽፋለሁ፤ ሳምንት ሳይሞላው አልገዛም። ነሐሴ ላይ 18,000 ብር ስቀበል ዕዳዬን ከፍዬ፣ ደብተርና ዩኒፎርም ገዝቼ፣ ለእንቁጣጣሽ ዶሮም ተረፈኝ። በዚያ ገጽ ከተጻፉት 23 ዕቃዎች እስካሁን የገዛሁት አራቱን ብቻ ነው።