የመዝገብ ቤቷ ፍላሽ

ከሰዓት ጀምሮ ሆዴን ባር ባር ይለዋል። ዝናቡ ይሁን ድካሙ እንጃ። ስለ ክረምቱ ልጽፍ ነበር የተቀመጥኩት፤ ሐሳቤ ግን ስለ ዲጂታል ሰነድ አጠባበቅ የሰጠሁት ስልጠና ላይ ቀረ።

የመዝገብ ቤቷ እትዬ አንድ ፍላሽ ይዘው መጡ። ፕላስተር ተለጥፎበት «የድሮ ደብዳቤ» ተብሎ በእስክሪብቶ ተጽፎበታል። ስንከፍተው ደብዳቤው አለ፤ የሚታየው ግን የፈረንጅ ፊደልና የምልክት ድርድር ነው። «በቃ ጠፋ?» አሉኝ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ።

አልጠፋም። ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ፣ ኮምፒውተሮች ሁሉ በሚጋሩት የፊደል ኮድ ውስጥ፣ የገባው በፈረንጆቹ 1999 ነው። ከዚያ በፊትም፣ ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመት፣ በየቢሮው የሚተየበው በቪዥዋል ግዕዝና በመሰሎቹ ፎንቶች ነበር። እነሱ የላቲኑን ኮድ ተውሰው ነው አማርኛውን የሚያሳዩት፤ ፎንቱ ከሌለ ጽሑፉ አይነበብም። ፎንቱን ስንጭነው ቀኑ፣ ቁጥሩ፣ «ጉዳዩ» የሚለው ሁሉ ቁልጭ ብሎ ወጣ። ዋናውን ሳንነካ ቅጂውን ወደ ዩኒኮድ ቀየርነው።

ክፍሉ የነቃው ያኔ ነው። ጠዋት ስለ አይኤስኦ 14721፣ ዲጂታል ሰነድ ለረጅም ጊዜ ስለሚጠበቅበት ዓለም አቀፍ መስፈርት፣ ስናገር ግማሹ ሰው ስልኩን ይነካካ ነበር። መስፈርቱ ያስፈልጋል፤ ግን የራሱ ሰነድ ሊያመልጠው ሲል ያላየን ሰው «ሦስት ቅጂ ይኑርህ» ቢሉት ምኑ ይገባዋል? ሰልጣኝ የራሱን ፋይል ይዞ ይምጣ። ነገ በሚሠራበት ኮምፒውተር ይለማመድ። አሰልጣኙም ወር ሁለት ወር ቆይቶ ተመልሶ ይይ። ሰርተፍኬት አድሎ መሄድን እኔ ስልጠና አልለውም።

በፈረንጆቹ 1973 የብራና መጻሕፍታችንን በማይክሮፊልም ማንሳት ሲጀመር፣ አንዱ ቅጂ አዲስ አበባ፣ አንዱ አሜሪካ፣ ሚኒሶታ እንዲቀመጥ ተደረገ። ያን ፊልም በብርሃንና በአጉሊ መነጽር ማንበብ ይቻላል። የእትዬ ደብዳቤ ግን ፎንት ይፈልጋል፣ ፕሮግራም ይፈልጋል፣ መብራት ይፈልጋል። ፊልሙ እንኳ ሁለት ቦታ ከተቀመጠ፣ ለእሱማ ሁለተኛ ቦታ የግድ ነው።

ልንለያይ ስንል የጠየቁኝም ይህንኑ ነው። ቢሮው ሌላ ሕንፃ የለውም። የመንግሥት ሰነድ ቤታቸው ወስደው አያስቀምጡም። ኢንተርኔቱ አንድ ፎልደር እንኳ በቅጡ አይጭንም። «ታዲያ ሁለተኛውን የት ላድርገው ልጄ?»

ጠይቄ እነግርዎታለሁ አልኳቸው። ማንን ነው የምጠይቀው?