ቮልሴን ለአዲሷ ባለቤት ሳስረክብ

ቅዳሜ ዕለት ቮልሴን ሸጥኩ። እ.ኤ.አ. የ1966 ሞዴል፣ 1300 ሞተር። 19 ዓመት አብራኝ ኖራለች።

ሊያዩ የመጡት ሦስት ሰዎች ነበሩ። ሁለቱ ዙሪያዋን ዞረው ቀለሟን አደነቁ። ሦስተኛዋ ወጣት ሴት ናት። ሰላም ካለችኝ በኋላ "ጋሼ፣ የኋላውን ወንበር ላንሳው?" አለችኝ። ልቤ ያኔውኑ ወደ እሷ አዘነበለ። የቮልስ ባትሪ ያለው እዚያ ወንበር ሥር ነው። አሲድ ሲያፈስ ወለሉን የሚበላውም እዚያው ነው።

እኔ ስገዛት ይህን የነገረኝ አልነበረም። በአራተኛው ወር ምንጣፉን ሳነሳ፣ ብረት የመሰለኝ ነገር ስቱኮ ሆኖ ተገኘ። በጣቴ ጫን ሳደርገው ጣቴ ገባ። ወለሉን አስቆርጬ በአዲስ ላሜራ አስበየድኩት። የሸጠልኝ ሰው ያውቅ እንደነበር ሳስብ እስከ ዛሬ ይከፋኛል።

ስለዚህ ጉድለቷን አንድ በአንድ ነገርኳት። የብየዳውን ፎቶም አሳየኋት። የቀኙ በር እጀታ አንዳንዴ ይይዛል። 6 ቮልት ስለሆነች ማታ መብራቷ ደከም ይላል። ባትሪው ቢወርድ ከ12 ቮልት መኪና ገመድ ስበሽ እንዳታስነሻት አልኳት። ቤንዚን የሚያልፍበትን የጎማ ቱቦ ደግሞ በእጇ አጠፍ አድርጋ እንድታየው ነገርኳት። አዲስ ነው፣ ግን ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ ትኩስ ሞተር ላይ ቤንዚን ከፈሰሰ መኪናዋ በእሳት ትያያዛለች።

ብዙ ሰዓት የቆየነው ቺንጋው፣ ማለትም የሞተሩ ቀበቶ ላይ ነው። ቮልስ ራዲያተር የላትም፤ የሚያቀዘቅዛት ነፋስ ነው። ዲናሞውንና ፋኑን የሚያዞረው ያው አንድ ቺንጋ ነው። "ቀይዋ የዲናሞ መብራት እየነዳሽ ከበራች እዚያው ቁሚ" አልኳት። "ትንሽ ልሂድ ካልሽ ሞተሩ ይቃጠላል።"

ከዚያ ራሷ እንድትቀይረው ተውኳት። ካቻቢቴውን የዲናሞው ፑሊ (ቺንጋው የሚያርፍበት መንኮራኩር) ጠርዝ ላይ ባለችው ክፍተት አስገብታ፣ ፑሊው እንዳይዞር ያዘችው። በ21 ቁልፍ ዳዶውን ፈታች። ፑሊው ለሁለት ሲከፈት መሃሉ ላይ ስስ ስስ ቀለበቶች አሉ። ቺንጋው ከላላ አንዱን ከመሃል አውጥቶ ከዳዶው ሥር ማድረግ ነው። አይጣልም፣ ነገ ያስፈልጋል። መጀመሪያ አጥብቃ አሰረችው። በአውራ ጣቷ ተጫነችው፣ አልወደደችውም፣ ሳልነግራት ፈትታ አንድ ቀለበት ወደ መሃል መለሰች። እኔም የምፈልገው እንዲህ ያለ ሰው ነበር።

ትርፍ ቺንጋውን፣ ቁልፉንና ደብተሬን ሰጠኋት። ደብተሩ ላይ ዘይት የቀየርኩበት ቀን ሁሉ አለ፤ በየጊዜው 2.5 ሊትር። ቫልቭም ያስተካከልኩት ሁልጊዜ ጠዋት፣ ሞተሩ አድሮ ሲቀዘቅዝ ነው። ሦስተኛው ሲሊንደር ከሌሎቹ ይበልጥ ስለሚግል፣ እሱን ለብቻው በቀይ እስክሪብቶ እጽፍ ነበር።

ስትሄድ በር ላይ ቆሜ ድምጿ እስኪጠፋ ሰማሁ። ሁለተኛ ማርሽ ላይ ትንሽ ተንገጫገጨች፣ ከዚያ ለሰለሰች።

እሁድ ጠዋት ስልኬ ጮኸ። "ጋሼ፣ ቀይዋ መብራት ቁልፉን ስከፍት በራች፣ ሞተሩ ሲነሳ ጠፋች። ልክ ነው አይደል?"

"ልክ ነው፣ ልጄ" አልኳት።