ከአዘዞ ይሰማል፣ ወደ አዘዞ አይሰማም

ጎንደር ፒያሳ የሚገኝ አንድ ሆቴል አዘዞ፣ ከአውሮፕላን ማረፊያው አጠገብ፣ እንግዳ የሚቀበልበት አነስተኛ ቢሮ አለው። የጥምቀት እንግዳ ከመጉረፉ በፊት ሁለቱን በኢንተርኔት ስልክ እንዳገናኝ ጠየቁኝ። ሰርቨሩን ፒያሳ አስቀምጬ አስተሪስክ የተባለውን የስልክ ጥሪ ማገናኛ ፕሮግራም ጫንሁበት፤ የራውተሩንም በሮች፣ ማለትም ጥሪና ድምፅ የሚያልፉባቸውን ፖርቶች፣ ከፈትሁ።

የአዘዞው ስልክ ወዲያውኑ ተመዘገበ። ከአዘዞ ሲደወል ፒያሳ ይጠራል፤ እንግዳ ተቀባይዋም ደዋዩን ጥርት አድርጋ ትሰማዋለች። እሱ ግን «ሃሎ! ሃሎ! እህቴ፣ አይሰማም እኮ!» ብሎ ይዘጋል። ከፒያሳ ወደ አዘዞ ሲደወል ደግሞ ጭራሽ አይጠራም። ሁሉም «ኔትወርኩ ነው» አሉ። ኔትወርክ ሲደክም ግን ድምፅ ይቆራረጣል እንጂ በአንድ ወገን ጠርቶ በሌላው ወገን ፈጽሞ አይጠፋም።

የሰርቨሩን የመልእክት መዝገብ ስከፍት ምክንያቱ ቁልጭ ብሎ ታየኝ። መልእክቱ የመጣው ከአዘዞ ራውተር የውጭ አድራሻ ነው፤ በውስጡ ግን ስልኩ «ድምፁን በ192.168.1.20 ላኩልኝ» ይላል። ይህ ከራውተሩ ጀርባ ያለ የቤት ውስጥ አድራሻ ነው። ኤንኤቲ የሚባለው የአድራሻ ቅየራ የፖስታውን ላይ ይለውጣል፣ የደብዳቤውን ውስጥ አይነካም። ሰርቨሩ የተጻፈውን አምኖ ድምፁን ወደ 192.168.1.20 ይልካል፤ የሆቴሉም ኔትወርክ የሚጠቀመው ያንኑ የአድራሻ ክልል ስለነበር ድምፁ ከፒያሳ ግቢ እንኳ አይወጣም።

ነባሪ ቅንብሩ፣ ማለትም ፕሮግራሙ ሳይነካ ይዞት የሚመጣው፣ ለዚህ የሚረዳው በከፊል ነው። የኢንተርኔት ጥሪ የሚመራበትን ሲፕ የተባለ ቋንቋ በሚያስተናግደው የአስተሪስክ ክፍል፣ በፒጄሲፕ፣ «ፎርስ አርፖርት» ከመጀመሪያው በርቷል፤ ምላሹ ጥያቄው ወደመጣበት በር ስለሚመለስ ምዝገባው ይሳካል። «ሪራይት ኮንታክት» እና «አርቲፒ ሲሜትሪክ» ግን ጠፍተዋል፣ «ዳይሬክት ሚዲያ» በርቷል። «ሪራይት ኮንታክት»ን ሳበራ ሰርቨሩ ስልኩን በውጭ አድራሻው ስለሚፈልገው አዘዞ መጥራት ጀመረ። «አርቲፒ ሲሜትሪክ» ሰርቨሩ ድምፁን የአዘዞው ድምፅ ወደመጣበት አድራሻ እንዲልክ አደረገው። «ዳይሬክት ሚዲያ»ን ያጠፋሁት ስልኮቹ ሰርቨሩን ዘለው በቀጥታ እንዳይፈላለጉ ነው።

በየመሥሪያ ቤቱ ስልኮች ከራውተር ጀርባ በሚቀመጡበት አገር እነዚህን ቅንብሮች በነባሪው መተው አልደግፍም፤ በግልጽ መጻፍ አለባቸው። ለሁሉም ስልክ አንድ ዓይነት ማድረጉም ይጠቅማል። በቀድሞው የአስተሪስክ የሲፕ ክፍል የአንዱ ስልክ የኤንኤቲ ቅንብር ከአጠቃላዩ ሲለይ፣ አጥቂ የትኛው የተጠቃሚ ስም እንዳለ ከምላሹ ሊለይ ይችል ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2011 የደህንነት ማሳሰቢያ የወጣበት ጉዳይ ነው።

በራውተሮቹ ላይ የሲፕ መልእክትን አድራሻ ለማስተካከል የተሠራውን፣ የሲፕ ረዳት የሚባለውንም አጠፋሁት፤ መልእክቱን እየነካካ ከማስተካከል ይልቅ የሚያበላሽበት ጊዜ ይበዛል። ምንም የማያልፍበት የዩዲፒ መንገድ (ጥሪው የሚጓዝበት የመረጃ መላኪያ ዘዴ) በብዙ ራውተር ላይ በ30 ሰከንድ አካባቢ ስለሚዘጋ ሰርቨሩ በየ25 ሰከንዱ ስልኩን «አለህ?» ብሎ እንዲጠይቅ አደረግሁ። የሆቴሉን ኔትወርክም በ10 ወደሚጀምር አድራሻ ቀየርሁት።

የቀረው መብራት ነበር። መብራት ሄዶ ሲመጣ የሆቴሉ የውጭ አድራሻ ይቀየራል፤ ሰርቨሩ አሮጌውን ይዞ ከቀጠለ የአዘዞው ድምፅ ይጠፋል። ስልኮቹ ሰርቨሩን በቁጥር ሳይሆን በስም እንዲፈልጉት አድርጌ፣ አድራሻው በተቀየረ ቁጥር አዲሱን በቅንብሩ ላይ ጽፎ አስተሪስክን እንደገና የሚያስነሳ አጭር ስክሪፕት ጻፍሁ። የመጀመሪያው ሙከራ ብዙ አልቆየም፤ በዚያው ሳምንት መብራት ጠፋ፣ ሲመጣም ከአዘዞ ተደወለ፣ ሁለቱም ተደማመጡ።