በወጣትነት ሽንት ሲያመልጥ

ሳስል፣ ሳስነጥስ፣ ከልቤ ስስቅ ወይም ስሮጥ ሽንት ያመልጠኝ የጀመረው ልጅ ሳልወልድ፣ ገና በሃያዎቹ ዕድሜዬ ነው። ብዙ ሰው ችግሩን የወላዶችና የአረጋውያን ብቻ አድርጎ ስለሚያስብ፣ ለወጣት ሴት ከሕመሙ ይልቅ ዝምታው ይከብዳል፤ ለእኅት እንኳ ለመናገር አንደበት ይተሳሰራል። ነገር ግን ወልደው የማያውቁ ስፖርተኞች፣ በተለይ ዝላይ የሚያዘወትሩት፣ ይህ እንደሚያጋጥማቸው ሐኪሞች በሚገባ ያውቁታል።

የሽንት ፊኛንና የሽንት ቧንቧን ከሥር ደግፈው የሚይዙት የዳሌ ወለል ጡንቻዎች ሲላሉ፣ ሳል ወይም ዝላይ በሆድ ውስጥ የሚፈጥረውን ድንገተኛ ግፊት መቋቋም ያቅታቸዋል። ከእርግዝናና ከወሊድ ሌላ ሥር የሰደደ ሳል፣ የሆድ ድርቀትና ከመጠን ያለፈ ክብደት ለዚህ ይዳርጋሉ።

የመጀመሪያው ሕክምና መድኃኒት ሳይሆን እነዚህን ጡንቻዎች ማጠንከር ነው። አሜሪካዊው የማኅፀን ሐኪም አርኖልድ ኬግል እ.ኤ.አ. በ1948 ያስተዋወቁት ይህ እንቅስቃሴ ሽንትንና የሆድ አየርን በአንድ ጊዜ እንደ መያዝ ያለ ነው፤ ጡንቻውን ወደ ውስጥና ወደ ላይ ስቦ ጥቂት ሰከንዶች ማቆየት፣ ከዚያም ሙሉ በሙሉ ማላላት። በተለምዶ የሚመከረው በቀን 3 ጊዜ፣ በእያንዳንዱ ጊዜ ቢያንስ 8 ጊዜ እየሳቡ ለ3 ወራት ያህል መቀጠል ነው። ቀላል ይምሰል እንጂ ብዙ ሴቶች ወደ ላይ መሳብ ሲገባቸው ትንፋሻቸውን ይዘው ወደ ታች ያምጣሉ፤ ይህም ችግሩን ሊያባብሰው ይችላል። ስለዚህ በዘርፉ የሠለጠነ ፊዚዮቴራፒስት አንድ ጊዜ እንኳ አይቶ ቢያርም በጭፍን ከመልፋት ያድናል ብዬ አምናለሁ። ለእኔ ትልቁ እፎይታ ግን ሳል ወይም ማስነጠስ ሊመጣ ሲል ጡንቻውን ቀድሞ መጨበጥ ነበር፤ ሲለመድ ሰውነት ራሱ ያደርገዋል።

ሽንት እየሸኑ መሃል ላይ ማቋረጥን እንደ ልምምድ መያዝ አይመከርም፤ ፊኛው በሚገባ እንዳይራገፍ ያደርጋል። ውኃ መቀነስም መፍትሔ አይደለም፤ የወፈረ ሽንት ፊኛን ይቆጠቁጣል፣ የሆድ ድርቀትንም ያመጣል። ለወር አበባ የተሠራ ፓድ በፍጥነት የሚፈስን ሽንት በደንብ ስለማይመጥ፣ ለዚሁ የተዘጋጀውን መጠቀም ቆዳን ከመላጥ ይጠብቃል።

ሽንት ሲያቃጥል ወይም ደም ሲኖርበት ግን ጉዳዩ ሌላ ሊሆን ስለሚችል ቶሎ መመርመር ያስፈልጋል።

ልምምዱ ለማይበቃት ሴት ብልት ውስጥ ገብቶ ቧንቧውን የሚደግፍ ቀለበትም አለ፣ ቀዶ ሕክምናም አለ። ቀዶ ሕክምናውን በተመለከተ፣ እርግዝናና ወሊድ ውጤቱን ሊያበላሹ ስለሚችሉ ልጅ የመውለድ ሐሳብ ያላት ሴት አብዛኛውን ጊዜ እንድታቆየው ትመከራለች፤ እኔም መውለድ ስለምፈልግ ለጊዜው ልምምዴን መርጫለሁ።