ዓድዋን በችፑድ ላይ

ከሰኔ ጀምሮ የክፍሌን ግማሽ የያዘው አንድ ችፑድ ነው፤ ርዝመቱ 180፣ ወርዱ 120 ሴንቲ ሜትር። የዓድዋን ጦር ሜዳ እየሠራሁበት ነው። እሑድ እሑድ ከወንድሜና ከሁለት ጓደኞቻችን ጋር ትናንሽ ወታደሮች አሰልፈን፣ ዳይስ እየጣልን የጦርነት ጨዋታ እንጫወታለን። እስከ አምና ድረስ ተራራ የምንለው በብርድ ልብስ የተሸፈነ የመጽሐፍ ቁልል ነበር። ዓድዋን ግን በመጽሐፍ ቁልል መጫወት አይቻልም፤ እዚያ ተራራው ራሱ ተዋግቷል።

የካቲት 22 ቀን 1888 ዓ.ም. ማታ የጣሊያኑ ጄኔራል የባራቲዬሪ ጦር 17,700 ገደማ ሰውና 56 መድፍ ይዞ በሦስት አቅጣጫ ተነሣ፤ የኤሌና ብርጌድ ደጀን ሆኖ ከኋላ ተከተለ። በግራ በኩል የሄደው አልቤርቶኔ ኪዳነ ምሕረት የተባለ ኮረብታ እንዲይዝ ታዝዟል። የተሰጠው ንድፍ ካርታ ግን ስሙን ያሰፈረው በሌላ ኮረብታ ላይ ነበር። እዚያ ሲደርስ መንገድ መሪዎቹ እውነተኛው እንዳ ኪዳነ ምሕረት ገና ከፊት መሆኑን ነገሩት፤ እሱም ቀጠለ። ሲነጋ ከሌሎቹ ብርጌዶች ተነጥሎ ብቻውን ከኢትዮጵያ ጦር ጋር ተፋጠጠ። በቀኝ የነበረው ዳቦርሚዳም ወደ ማርያም ሸዊቶ ሸለቆ ገብቶ እዚያው ቀረ። ተራሮቹ አንዱን ብርጌድ ከሌላው ዓይን ካልጋረዱ በቀር ይህን ማንም ተጫዋች ሊረዳው አይችልም። የእኔም ጭንቀት ይኸው ነው፦ መጋረድ።

ልኬቴ 1 ሴንቲ ሜትር ለ100 ሜትር ነው። በዚህ ልክ ከሥሩ 400 ሜትር የሚነሣ ተራራ 4 ሴንቲ ሜትር ብቻ ይሆናል። ሒሳቡ ትክክል ነው፤ ነገር ግን ጠረጴዛው ላይ ሲቀመጥ ከጉብታ አይሻልም። ብዙ ካሰብኩ በኋላ ርቀቱን እንዳለ ትቼ ከፍታውን ብቻ በሦስት አባዛሁት። ለዓይን እውነት የሆነውን መርጫለሁ፤ አልጸጸትም።

የተራሮቹ ሆድ የቴሌቪዥንና የፍሪጅ ማሸጊያ ነጭ ፎም ነው። እዚህ ጅማ ሂርማታ አካባቢ ያሉ ባለሱቆች የሚጥሉትን እየለመንኩ ሰበሰብኩ። የመጀመሪያውን ተራራ፣ ሰማያታን፣ ቀርጬ ስጨርስ በስፕሬይ ቀለም ነፋሁት። የስፕሬዩ ማሟሟቻ ፎም እንደሚበላ አላውቅም ነበር። ጫፉ መጀመሪያ ረገብ አለ፣ ከዚያ ጎኑ እንደ ማር እንጀራ ተበሳሳ፣ በመጨረሻ የሦስት ቀን ሥራዬ ዓይኔ እያየ ሟሸሸ። አሁን ፎሙን በቅድሚያ በውኃ በቀጠነ ኮላ የተነከረ ጋዜጣ ሁለት ጊዜ አለብሰዋለሁ፤ ቀለሙም በውኃ የሚበጠበጠው ብቻ ነው። በጅማ ክረምት አንዱ ድርብ እስኪደርቅ ቀናት ይወስዳል።

ለአፈሩ ሰጋቱራ ያስፈልገኝ ነበር። በርጩማ የሚሠሩ አናጢ ጎረቤት አሉን፤ ሄጄ “ጋሼ፣ ደቃቁን ብቻ ነው የምፈልገው” አልኳቸው። “ዶሮ ልታረባ ነው?” ብለው ግማሽ ጆንያ ሰጡኝ። አረንጓዴ ቀለም ነክሬ፣ ኮላ በቀባኋቸው ተራሮች ላይ በተንኩት፤ ተራሮቼ አማሩ። በሳምንቱ የዓድዋ ልጅ የሆነ የሥራ ባልደረባዬ መጥቶ ለረጅም ጊዜ ዝም ብሎ አያቸው።

“ይኼ እኮ ጅማ ነው” አለኝ። “በየካቲት የእኛ አገር ሣር ገለባ ነው። ድንጋዩም ከሣሩ ይበዛል።”

እውነቱን ነው። እኔ ያደግሁት ከዓመት እስከ ዓመት አረንጓዴ እያየሁ ስለሆነ እጄ የሚያውቀውን ሠራ። ሁሉንም ፋቅሁት። በምትኩ የቡና ገለባ ወቅጬ በወንፊት ነፋሁ፤ እናቴ ሙቀጫዋን የፈቀደችልኝ አጥቤ እንድመልስ አስምላ ነው። ገለባው ሲደርቅ የሚሰጠው ፈዛዛ ቡናማ ቀለም ባልደረባዬ የነገረኝን የደረቀ ሣር ይመስላል። ለገደሉ የከሰል ስባሪ ተጠቀምኩ። ከሰል ሲሰበር የሚያወጣው ስለት የዓለት መልክ አለው፤ እንዳይፈረፈር ቀጭን ኮላ ካጠጡት በኋላ ጥቁር ግራጫ ቀብተው፣ ጫፍ ጫፉን በደረቅ ብሩሽ ነጣ ያለ ቀለም ሲያስነኩት ከሰልነቱ ይጠፋል።

ወታደሮቹ የክብሪት እንጨቶች ናቸው፤ አንዱ 100 ሰው ነው። ለጣሊያን 177 ቆረጥኩ። ለኢትዮጵያ ወገን 1,000 ገደማ ያስፈልጋል፤ እስከ ትናንት ማታ 640 ደርሻለሁ።

ትናንት የእህቴን ልጅ ጠርቼ አገጩን ጠረጴዛው ላይ፣ ከአልቤርቶኔ ክብሪቶች ጀርባ እንዲያሳርፍ አደረግሁት። አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ወደ ራዮ ተራራ አቅጣጫ አየ። በመካከል የሄደውን የአሪሞንዲን ብርጌድ ከማዶ አስቀምጬዋለሁ።

“ሌሎቹ ወታደሮች የት አሉ?” አልኩት።

“አጎቴ፣ ሌላ ማንም የለም” አለኝ።